የበጎ አድራጎት ቦርድ አባልነት አደራ እንጂ ሹመት አይደለም

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል እንደተነገረ ተለጥፏል።)



 ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይኸውም የሰፈራችንን የበጎ አድራጎት ገንዘብና ሥራ ስለሚመሩት የቦርድ አባላት ነው።

እንደሚታወቀው የበጎ አድራጎት ክፍላችንን የሚመራው ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ ነው። ሰባቱም ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። አሁን የሥራ ዘመናቸው አልቋል። ደንባችን አንድ ሰው ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ ስለሚከለክል ከሰባቱ አምስቱ የግድ መልቀቅ አለባቸው። በምትካቸው ሰው ጠቁሙ ብለን ማስታወቂያ ከለጠፍን ወዲህ የተጠቆሙ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ቤታቸው ድረስ ሄደን ስናነጋግራቸው አብዛኞቹ «ይቅርብኝ» አሉን። ምክንያታቸው በሦስት ይጠቃለላል። አንዱ «ጊዜ የለኝም» ይላል። ሌላው «እኔ አልተማርኩም፣ ቦርድ የምሁር ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «የሰው ገንዘብ ነክቼ ስሜ እንዲነሣ አልፈልግም» ይላል።

ሦስቱንም ምክንያት አልንቅም። ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ይሄ ነገር የሚያስከትለውን እንይ። ቦርዱ ካልተሟላ ምልዓተ ጉባኤ የለም። ምልዓተ ጉባኤ ከሌለ ውሳኔ የለም። ውሳኔ ከሌለ ባንክ ገንዘብ አይሰጥም። ስለዚህ ለአረጋውያኑ በየወሩ የሚገዛው እህል፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች የሚገዛው ደብተርና ልብስ ይቆማል ማለት ነው። የባንክ ደብተራችን ላይ ገንዘብ እያለ የአሮጊቷ ሌማት ባዶ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ስንት ቤት እንዳጎደለ እናንተው ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ዘመን ይህ ክፍል ሰው አጥቶ ቢዘጋ ለሁላችንም ነውር ነው።

ከአባቶቻችን ያገኘነው

መቼም በጎ አድራጎት ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው ደቦ ጠርቶ ጤፉን ያሳጭዳል፣ ወንፈል ገብቶ ጉልበቱን ያበድራል፣ ተራው ሲደርስ ይመለስለታል። ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋ ጦም እንዳያድር ጎረቤት በሬውን ጠምዶ ያርስላታል። ከተማ ስንገባ ደግሞ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው አለ። በሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድም ለድሀና ለመስጊድ ተብሎ የተለየ ንብረት ወቅፍ ተብሎ በአደራ ይያዛል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ንብረት ያዡ ሁሉም አገልጋይ ነው። ዝናብም ቢጥል፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐዘን ደረሰ ከተባለ ድንኳኑን ይዘው ይወጣሉ።

እንግዲህ ዕድር ካለን ሌላ ቦርድ ምን ያደርግልናል የሚል ሰው አለ። እኔም ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በዕድር እኔ የማዋጣው ነገ ለኔው ነው። ድንኳኑ በሰዓቱ ካልደረሰልኝ፣ ወንበሩ ከጎደለብኝ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ እጮኻለሁ። ከፋይም ተቀባይም እኔ ስለሆንኩ ዳኛው ያፍረኛል። በበጎ አድራጎት ግን ከፋዩ ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ ነው። እናንተ ሃያ ሃያ ብር ታዋጣላችሁ፤ እህሉ ደረሰ አልደረሰ ቤታችሁ አይታወቅም። እህሉ ያልደረሳት አሮጊት ደግሞ ስብሰባ መጥታ አትጮኽም። አትችልማ። አንድም ጉልበት የላትም፣ አንድም «የለመኑትን ማጉረምረም ነውር ነው» ብላ ትተወዋለች። ስለዚህ በመሐል የከፋዩም ዓይን፣ የተቀባዩም አፍ ሆኖ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ቦርድ ማለት ይኸው ነው። ገንዘብ ማከፋፈሉማ ለአንድ ሰውም ቢሆን የሚቻል ሥራ ነው።

ከሌሎች የምንማረው

በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩ ሰዎችን ጥቂት ላንሣ።

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ለአገራቸው መንገድ ለማሠራት ድርጅት አቋቋሙ። ነጋዴውም፣ ሠራተኛውም፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ሳይቀር እንደ አቅሙ አዋጣ። ከመንግሥቱ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋርም ተባብረው መንገዱን ከወልቂጤ በእምድብር በኩል ወደ ደቡብ ገፉት። ይህን ያህል ሕዝብ ገንዘቡን ያመነው መንገዱ ላይ ሆኖ የሚያስቆፍረውን መሐንዲስ ስላወቀ አይመስለኝም። ገንዘቡን የሚጠብቁትን የገዛ ሽማግሌዎቹን ስላወቀ ነው። ነጋዴ ሆነው፣ የራሳቸው ሱቅ እየጠበቃቸው፣ ለጋራው ነገር የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ሳይሞላው ጣሊያን ወረረን። ማኅበሩ ገና ሳይደላደል የቆሰለ ወታደር ማንሣት፣ የቦምብ ጉዳተኛ ማከም ወደቀበት። እስከ ዛሬ ድረስ ቀይ መስቀል በዓለም ሁሉ የሚመራባቸው ሰባት መሠረታዊ መርሆች አሉ። ከነዚህ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙን ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ አለማዳላት፣ ሁለተኛው በጎ ፈቃደኝነት። አለማዳላት ማለት የሚረዳው ሰው የማን ወገን ነው ተብሎ ሳይሆን ችግሩ ምን ያህል ነው ተብሎ መታየቱ ነው።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን የማያውቅ የለም። በ1972 ዓ.ም. ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በረሀብ የወደቀ ሰው አዩ፣ ልጆች ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ልጅ በልጅ ላይ እየተጨመረ ቤታቸው የልጆች ማሳደጊያ ሆነ። በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸው ቢያርፉም የመሠረቱት ድርጅት በስማቸው ቀረ። ለምን ቢባል የአንድ ሰው ደግነት ድርጅት ሆኖ፣ ደንብ ወጥቶለት፣ የሚመራው አካል ተሰይሞለት ስለነበረ ነው። ደግ ሰው ይሞታል። ደግ ሰው የተከለው ደንብ ግን ጠባቂ ካለው አይሞትም። የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም እንዲሁ ነው። አቶ ቢኒያም በለጠ በጥቂት አረጋውያን የጀመሩት ነገር ዛሬ ሺዎች የሚያድሩበት ሆኗል። አንድ ሰው ይጀምራል፤ ሺህ ሰው ለመመገብ ግን ብዙ ሰው አደራ መሸከም አለበት።

በራሳችን ክልልም የአማራ ልማት ማኅበር፣ ማለትም አልማ፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በአባላት መዋጮ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም ሲያሠራ ቆይቷል። ከመካከላችን ከደመወዙ የሚቆረጥለት ብዙ ሰው አለ። ያ ገንዘብ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ መብታችን እንደሆነ ሁሉ፣ የእኛም ሃያ ብር የት ደረሰች ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ከውጭም አንድ ልጨምር። በአሜሪካ አገር ክሊቭላንድ በምትባል ከተማ ፍሬዴሪክ ጎፍ የሚባል የባንክ ኃላፊ ነበረ። ሀብታሞች ሲሞቱ ገንዘባቸውን «ለእንዲህ ላለ ነገር ብቻ ይሁን» ብለው ተናዝዘው ያልፋሉ። ዘመን ሲለወጥ ያ ነገር ይጠፋና ገንዘቡ ያለ ሥራ ታስሮ ይቀራል። ይህን አይቶ በ1906 ዓ.ም. የከተማው ሰው ሁሉ የሚያዋጣበት አንድ የጋራ የበጎ አድራጎት ገንዘብ አቋቋመ። ባንኩ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ከከተማው ዜጎች የተውጣጣ ኮሚቴ በየጊዜው የከተማውን ችግር እያየ ይወስናል። ያ ድርጅት እስከ ዛሬ አለ፤ በብዙ አገርም እሱን አይተው ሌሎች አቋቁመዋል። ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል። ገንዘብ የሚጠብቅ አንድ፣ ችግሩን የሚያይ ሌላ መሆን አለበት።

ሕጉ ምን ይላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበር ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመካፈል የሚቆም እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ ከበጎ አድራጎት ገንዘብ ላይ «ትርፍ ተገኝቷልና እንካፈል» የሚባል ነገር የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ በቦርድ የሚመራ ድርጅት የሚባል ዓይነት እንዳለ ይገልጻል፤ በእንዲህ ያለው ድርጅት የበላዩ አካል ቦርዱ ነው። ለሦስተኛ ወገን ወይም ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥም ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በነበረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ከመቶ 30 እጅ ነበረ።

ይህ አዋጅ የፌዴራል ነው፤ እኛ በአንድ ክልል ውስጥ ያለን ትንሽ የሰፈር ማኅበር ነን። ቢሆንም ልኩን ብንከተል አይጎዳንም። እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል 200 ቤት በወር 20 ብር ቢያዋጣ በወር 4,000 ብር ይሆናል። በዓመት 48,000 ብር ነው። ከመቶ 20 እጁ 9,600 ብር ነው። እንግዲህ ለወረቀት፣ ለደረሰኝ ማሳተሚያ፣ ለባንክ፣ ለትራንስፖርት ከዚህ በላይ ከወጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የቀረው 38,400 ብር ለተቸገረው መድረስ አለበት። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ ሪፖርት ሲነበብ ትጠይቁበታላችሁ።

የቦርድ አባል ሥራው ምንድን ነው

አንደኛ፣ መገኘት ነው። ስሙን አስመዝግቦ የማይመጣ አባል ካልተመረጠ ሰው ይብሳል። ያልተመረጠው ወንበር አያጣብብም። ደንባችን ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጊዜ የቀረ አባል በሌላ ይተካል ይላል። ይህ በሥራ ላይ ይዋል።

ሁለተኛ፣ ቃለ ጉባኤ ነው። በአፍ የተወሰነ ውሳኔ ውሳኔ አይደለም። ማን ተገኘ፣ ምን ተነገረ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ተቃወመ፣ ሁሉም ይጻፍና ይፈረምበት። የተቃወመ ሰው ተቃውሞው ይጻፍለት ዘንድ መብቱ ነው። ነገር ሲነሣ የሚመሰክረው ወረቀቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። የገባ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ አንድ ብርም ብትሆን። ገንዘብ ቤት አያድርም፤ ወደ ባንክ ይሂድ። አሁን በቴሌብርም የሚልክልን አለ፤ የሚላከው ግን በግለሰብ ስልክ ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይሁን። ከባንክ የሚወጣው በጥምር ፊርማ ነው፤ ፈራሚዎቹም ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት፣ አማችና አማት እንዳይሆኑ። ገንዘቡን የሚይዘውና ሒሳቡን የሚጽፈው ሰው የተለያዩ ይሁኑ። ባዶ ወረቀት ላይ አስቀድሞ መፈረም ፈጽሞ ክልክል ነው። «ነገ ጉዞ አለብኝ፣ ፈርሜ ልተውልህ» የሚል አባል ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ግን በሩን ክፍት ትቶ እንደሄደ ሰው ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

አራተኛ፣ ተረጂ መምረጥ ነው። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። ገንዘባችን ትንሽ፣ ችግረኛው ብዙ ነው። አንዱን ስታስገባ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ መለኪያው አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ አሳዳጊ ያጣ ልጅ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ እያሉ በተራ መጻፍ ነው። ከዚያ ሦስት ሰው ቤት ለቤት ሄዶ ይይ። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። ሴት ጓዳ ትገባለች፣ ወንድ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይመለሳል። ጓዳ ያላየ ሰው ችግር አየሁ አይበል። የእኔ ዘመድ፣ የእኔ የክርስትና ልጅ፣ የእኔ ተከራይ ስም ሲነሣ ደግሞ እኔ ከስብሰባው ወጥቼ ልቁም፤ እነሱ ይወስኑ። ዘመዴ ስለሆነ ይከልከል አላልኩም። እኔ አልወስንለትም ነው።

አምስተኛ፣ ምስጢር ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ የምንለጥፈው ስንት ሰው ተረዳ፣ ስንት ኩንታል እህል ተገዛ፣ ስንት ብር ወጣ የሚለውን ነው። የተረጂዎች ስም አይለጠፍም። ፎቶግራፋቸውም አይነሣም። ትናንት ዕቃ አበድራ የምትኖር ሴት ዛሬ ብትቸገር ስሟ ግንብ ላይ ተጽፎ ልጆቿ በትምህርት ቤት ሊሰደቡ አይገባም። እኛ ዘንድ ሰው ከረሀቡ ይልቅ መታወቁን ይፈራል። የቦርድ አባል ያየውን ለሚስቱ፣ ለባሏ፣ ለቡና ጎረቤት የሚያወራ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ችግረኛው በሩን አይከፍትለትም።

ስድስተኛ፣ አለማዳላት ነው። ቀደም ሲል ያነሣሁት የቀይ መስቀሉ መርህ እዚህ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን የሚስመውም፣ መስጊድ የሚሰግደውም፣ ባለ ቤቱም ተከራዩም፣ እዚህ የተወለደውም ከሩቅ የመጣውም በችግሩ መጠን ይታይ። ቦርዱ የፖለቲካ መድረክ አይደለም። በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚነሣው የማን ቤት ጦሙን አደረ የሚለው ብቻ ነው።

ሰባተኛ፣ ሪፖርትና ምርመራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሒሳቡ ለጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከቦርዱ ውጪ የተመረጡ የሒሳብ ተቆጣጣሪዎች ደረሰኙን ከባንክ ደብተሩ ጋር ያመሳክሩ። አበው ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይላሉ። መመርመር መጠላት አይደለም። ንጹሕ ሰው ቢመረመር ደስ ይለዋል፤ ንጽሕናው በወረቀት ይረጋገጥለታል።

ስምንተኛ፣ ርክክብ ነው። ተሰናባቹ ቦርድ ገንዘቡን፣ ማኅተሙን፣ የደረሰኝ ጥራዙን፣ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሚዛኑን አንድ በአንድ ቆጥሮ በፊርማ ያስረክብ። ብዙ ማኅበር የፈረሰው በሌብነት እንዳይመስላችሁ። ማኅተም የያዘው ሰው አገር ለቆ ሄዶ፣ ባንክ የፈረመው ሰው ሞቶ፣ የሚያውቀው ጠፍቶ ነው። ስለዚህ አምስቱ ሲለቁ ሁለቱ ነባር አባላት መቅረታቸው ጥሩ ነው፤ አዲሶቹን መንገድ ያሳያሉ።

ሥራው ይህ ነው። ስምንቱም ውስጥ ማዘዝ፣ መሾም፣ መጠቀም የሚል የለም። በአገራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባል ክፉ ተረት አለ። ይህቺ ተረት በዚህ ቤት አትሠራም። እዚህ ሲሾም የበላ ሰው የበላው የመንግሥት ገንዘብ አይደለም፤ ከወላጅ አልባ ልጅ ጉሮሮ ነው የነጠቀው።

ለሦስቱ ምክንያቶች መልስ

አሁን ወደ ሦስቱ ምክንያቶች ልመለስ።

«ጊዜ የለኝም» ላላችሁት። ቦርዱ በወር አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ይሰበሰባል። የቤት ለቤት ጉብኝቱና ሌላው ተላላኪነት ተጨምሮ በወር ስድስት ሰዓት አይበልጥም ብላችሁ ያዙት። በዓመት 72 ሰዓት ነው። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ማለት ነው። ከ365 ቀን ሦስቱን ለተቸገረ መስጠት የማይችል ሰው ይኖራል፤ በሽተኛ የሚያስታምም፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን የያዘች፣ ሌሊት ዘብ የሚያድር። እነሱን አናስገድድም። ሌሎቻችን ግን ራሳችንን እንጠይቅ።

«አልተማርኩም» ላላችሁት። እኔ የተማርኩት አንደኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ ቃለ ጉባኤውን ግን እጽፋለሁ፣ ስታነቡትም ይገባችኋል። እርግጥ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ሁለት ሰው ያስፈልገናል፤ አስተማሪም፣ ጡረታ የወጣ የቢሮ ሠራተኛም በሰፈራችን አለ። ግን ሰባቱም ሒሳብ አዋቂ ቢሆኑ ሥራው አይሠራም። ጠዋት ከየትኛው ቤት ጢስ እንዳልወጣ የምታውቅ እናት ትፈለጋለች። የእህል ዋጋ መቼ እንደሚወርድ፣ ጤፍና ስንዴ በየትኛው ወር ቢገዛ እንደሚያዋጣ የሚያውቅ ነጋዴ ይፈለጋል። መድኃኒት አንብቦ የሚያስረዳ የጤና ሰው ይፈለጋል። ስልኩ ላይ የላኩትን ገንዘብ የሚያይ፣ ወረቀት በኮምፒዩተር የሚጽፍ ወጣት ይፈለጋል። ቦርድ እንደ ሰባት ጣት ነው፤ ሁሉም አውራ ጣት ቢሆን እንጀራ አይቆርስም።

«ስሜ ይነሣል» ላላችሁት። ይሄ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ሰፈር ያማል። ያለ ደመወዝ የሚሠራን ሰው «ያለ ነገር አይለፋም» የሚል አይጠፋም። መድኃኒቱ ግን መሸሽ አይደለም። ሐሜት የሚያድገው ወረቀት በሌለበት ቤት ነው። ደረሰኙ ከተቆረጠ፣ ፊርማው ጥምር ከሆነ፣ ሪፖርቱ በሰሌዳ ከተለጠፈ፣ ተቆጣጣሪው ካየው፣ የሚያማችሁን ሰው እጁን ይዛችሁ ወረቀቱ ጋ ማቆም ትችላላችሁ። እነዚህ ጥብቅ ደንቦች የወጡት አባሉን ለማስቸገር አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የሚጠብቁት የአባሉን ስም ነው።

የእኛ የነዋሪዎች ግዴታ

ቦርድ መርጦ ቤት ገብቶ መተኛትም የለም። እኛም ግዴታ አለብን። መዋጮ በጊዜው እንክፈል፤ ያልቻለ ቀርቦ ይናገር፣ አይደበቅ። ብር የሌለው እህል፣ እህል የሌለው ጉልበት ይስጥ፤ እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት፣ በሽተኛ ሆስፒታል ማድረስ መዋጮ ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው በስብሰባ ላይ ይጠይቅ፣ በጠላ ቤት አያውራ። ልጄን ቅጠሩልኝ፣ ዘመዴን አስገቡልኝ ብለን የቦርድ አባላትን በር አናንኳኳ። እነሱም ሲሳሳቱ በደንቡ እናርማቸው፣ ሲሠሩ እናመስግናቸው። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ሌላ ክፍያ የለውም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ለማን ይከብዳል?

ለሚለቁት አምስት አባላት በዚህ አጋጣሚ በእናንተ ስም ምስጋና አቀርባለሁ። መንገድ በተዘጋበት፣ እህል በተወደደበት ወራት አረጋውያኑን ጥለው አልሄዱም። መዝገባቸው ንጹሕ ነው፤ ከፊታችሁ ይነበባል።

በመጨረሻም ልመናዬ ይህ ነው። አምስት ሰው እንፈልጋለን። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ወጣት ቢሆኑ መልካም ነው። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ከሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ በፊት ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ሌላውን የሚጠቁም ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያነጋግረው፤ በማያውቀው ነገር ስሙን አንጻፍ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ይህ ሸክም በሁለቱ ነባር አባላት ራስ ላይ ከቀረ ይጥላቸዋል። ሰባት ሆነን ከያዝነው፣ እናንተም ከኋላ ከደገፋችሁ፣ ይቀላል።

እህሉን የሚጠብቁት አረጋውያን ዛሬ በዚህ ስብሰባ የሉም። መምጣት አልቻሉም። እነሱን ወክሎ የሚቆም አምስት ሰው ከመካከላችን ይውጣ።



የማኅበሩ ጸሐፊ